በአባቴ ስም ያለፈው መኪና

መጀመሪያ ያሰብኩት ወደ ጓሳ ለመሄድ አልነበረም። ያሰብኩት ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዝናብ ወደማይለየው ጥቅጥቅ ደን ነበር። ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዛፎቹ ሰማዩን ይሸፍኑታል ይባላል፤ አልቅት ከቅጠል ላይ ሰው አንገት ላይ ይወድቃል ይባላል። እኔ ደግሞ «ይባላል» የሚለውን ነገር ሄጄ ካላየሁት እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ቦቲ ገዛሁ፣ የዝናብ ልብስ ገዛሁ፣ ለአልቅቱ ደግሞ ጨው በብልቃጥ ያዝኩ። እህቴ ጨዉን አይታ ደኑን ልትበላው ነው ወይ አለችኝ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር። ሃምሳን ያለፍኩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጣና በመጽሔት መጣጥፍ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። እንጀራዬ ሰው ሁሉ የወደደውን ነገር ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ማሳየት ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ሰው ሲያለቅስ ማን እንደከፈለው እጠይቃለሁ። ስለ ተከለሉ መሬቶችም ጽፌ ነበር። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ «የታጠረ መሬት ሁሉ ከአንድ ድሃ የተነጠቀ ነው» የሚል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እኔም ወድጄው ነበር፣ አንባቢም ወዶልኝ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አጣርቼ ግን አላውቅም።

ጓደኞቼ «ቶማስ» ይሉኛል፤ ጣቴን ከቁስሉ ካላገባሁ አላምንም ባለው ሐዋርያ ስም። ስሙን ያወጣልኝ ደምሰው ነው። ደምሰው የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች አራት ዓመት ተኝተናል። አባቴ ሲሞት አስከሬኑን ከሆስፒታል የተረከበው እሱ ነው። እኔ መፈረም አቅቶኝ ነበርና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ፈረመልኝ። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ላይ «እንዴት አላወቅህም?» እንዳትሉኝ ነው።

ወደ ደኑ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ደወለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንግዶችን ወደ መንዝ እየወሰደ ማስጎብኘት ጀምሮ ነበር። ዛፍ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ልሄድ መሆኔን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ዛፍ ማንም ያሳይሃል፤ እኔ ጋ ና፣ ሣር ላሳይህ» አለኝ። ከዚያ ስለ ጓሳ አወራኝ። በደጋው አናት ላይ ያለ ሰፊ የሣር መሬት ነው። ባለርስቶቹ ገበሬዎች ከአባቶቻቸው በወረሱት ደንብ ለዓመታት ይዘጉታል። ሽማግሌዎች ሣሩ ደርሷል ካላሉ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፤ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ለቤት ክዳኑና ለገመዱ የሚሆነውን ያጭዳል።

እኔን ማጥመድ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ደን ደን ሲል፣ ሣር ማለት ብቻ ይበቃል። ቦቲውንና ጨዉን ቤት ትቼ ሐሳቤን ቀየርኩ። ደምሰው አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ ከኋላው ሸራ ያለው ፒካፕ ይዤ እንድመጣ። ድንኳን አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ስንቅ አለ አለኝ። የእህቴን ባል ፒካፕ ተዋስኩ።

ከመሐል ሜዳ ወጥተን ወደ ጓሳው ስንቃረብ መንገዱ በአንድ የባሕር ዛፍ አጣና ተዘግቶ ነበር። ኬላው ያ ነው። አጠገቡ ባና የደረቡ፣ ቀጭን የብረት ዘንግ የያዙ፣ ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። አያ ላቀው እንደሚባሉ ደምሰው ነገረኝ። ሕዝቡ መርጧቸው ኬላውን ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሰላምታ ሰጡንና ሸራውን አስፈትተው ፍራሹን፣ ድንኳኑን፣ የሽንኩርቱን ከረጢት ሳይቀር በዘንጋቸው ይወጉ ጀመር። ገና እየገባን እንደሆነ፣ ሌባ የሚፈተሸው ሲወጣ እንደሆነ በፈገግታ አስረዳኋቸው።

«ስትገባ የያዝከውን ካላወቅኩ፣ ስትወጣ የጨመርከውን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ወደድኳቸው። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባቴ ከዚሁ አገር በልጅነቱ ወጥቶ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ስሙንና የአያቴን ስም ስነግራቸው ዘንጉን መሬት ላይ ተከሉት።

«ወልደ ጻድቅ? ዳዊት አብረን የደገምነው ወልደ ጻድቅ?»

አዎ አልኩ። ማረፉን ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉና ፊቴን እንደ ጽሑፍ አነበቡት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገሩኝ። የጓሳው መብት በትውልድ የሚቆጠር ነው አሉኝ። አያቴ ባለመብት ነበሩ፤ አባቴም ነበር፤ እኔም ነኝ። ሣሩ ሲከፈት ማጭዴን ይዤ ከሌላው ጋር እኩል መግባት እችላለሁ።

«ርስትህ ላይ ቆመህ ነው እንግዳ ነኝ የምትለኝ?» አሉ።

እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምኖር ሰው ነኝ። በሕይወቴ የማንም ነገር ባለቤት መባል አሳስቆኝ እንጂ አስደስቶኝ አያውቅም። በዚያች ቅጽበት ግን ደስ አለኝ። ደምሰው አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁን ሳስበው ምን ያህል ስሌት በዚያች እጅ ውስጥ እንደነበረ እገረማለሁ።

ድንኳኖቻችንን ከአንድ ጉብታ ሥር ተከልን። ከሰዓት በኋላ አያ ላቀው ኬላውን ለወንድማቸው ልጅ ትተው ጓሳውን ሊያሳዩኝ መጡ። ደምሰው ራሴን አመመኝ፣ ከፍታው ነው መሰል ብሎ ቀረ። የመንዝ ልጅ ከፍታ አመመኝ ሲል ሳቅኩበት እንጂ አልጠረጠርኩትም። ቶማስ ተብዬው።

ጓሳን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደምነግር አላውቅም። ሣሩ እንደ ሌላ ሣር መሬት ላይ የተዘረጋ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጉብ ጉብ ብሎ እንደ ጎፈሬ ራስ ይቆማል። ጉም ከገደሉ ሥር ይመጣና ጉልበታችሁን ይውጠዋል፣ ወዲያው ይተፋዋል። መሐል መሐል ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሰው መስሎ ይቆማል፤ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። ጭላዳዎቹ መቀመጫቸውን ሳያነሱ ሣር እየነጩ ይበላሉ። አንድ ቀይ ቀበሮ ከፊታችን ሠላሳ እርምጃ ርቆ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። እኛንም አይቶናል። ከፍልፈሉ የምንበልጥበት ምክንያት አልታየውም።

እኔ እየሄድኩ ሳላስበው አንዲት ሰበዝ ቀንጥሼ ጥርሴን መጎርጎር ጀመርኩ። አያ ላቀው ቆሙ። እጄን እያዩ ጠበቁ። ሲገባኝ ሰበዟን አስቀመጥኩ። ያኔ መራመድ ጀመሩ።

ልማዴ ነውና ነካካኋቸው። ይህ ሁሉ ጥበቃ ለማን ነው፣ ገበሬው ክዳን ሲያጣ ቀበሮው ይጠግባል ወይ አልኳቸው። አልተቆጡም። ቆርቆሮ የሌለው ሰው ክዳን የሚያገኘው ሀብታሙ ቀድሞ ስላልገባ ነው አሉኝ። ሣሩን የዘጉት ከድሃው ለመከልከል ሳይሆን ጉልበተኛው ድሃውን እንዳይቀድመው ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ የእኔን የተወደደ ዓረፍተ ነገር ግን እዚያው ሜዳ ላይ አጋድሞት ሄደ።

ሰርቆ የሚያጭድ ከተገኘስ ብዬ ጠየቅኩ። ይቀጣል፣ ከዚያ ይመለሳል አሉ። ካልታወቀስ? አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ አካባቢው ሁሉ ይሰበሰባል፣ በቄስ ፊት መስቀል እየመታ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በሐሰት የማለስ? አያ ላቀው ይህን ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ሣር የቆረጠ ሌባ ነው። በሐሰት የማለ ግን ከእኛ ጋር አይቆጠርም። ጓሳው ሲከፈት ከውጭ ይቀመጣል።»

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ደምሰው የራሱን ድንኳን አፍርሶ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ሸራውን በገመድ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ጨርሶ ነበር። የእኔ ድንኳንና ፍራሽ ብቻ ነው የቀረው፤ እነሱንም ጠቅልሎ ከፊት ወንበር ኋላ ወተፋቸው። በተማሪነታችን አልጋውን እንኳን የማያነጥፍ ሰው ነበርና አመሰገንኩት። ስንነሳ መኪናው ከኋላው ዝቅ ብሎ ታየኝ። ጠየቅኩት። ድንኳኑ ጤዛ ጠጥቶ ነው፣ ውሃ ይከብዳል አለኝ። አመንኩት ልበል? አላመንኩትም ብል ይሻላል። ነገር ግን ለመጠየቅም አልፈለግኩም። ከትናንት ጀምሮ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታ ለለመደው ሰው ቀላል ይሆናል፣ እኔ ግን እንዳይሰበርብኝ እንደ ብርጭቆ ይዤው ነበር።

ኬላው ላይ አያ ላቀው ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። መሪው ላይ እንደሆንኩ በመስኮት ተሳሳምን። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው የሸራውን ገመድ ያዙ። ደምሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ሳቅ እያለ፣

«አያ ላቀው፣ የወልደ ጻድቅን ልጅ እንደ ነጋዴ ሊፈትሹት ነው? በራሱ ርስት ላይ?» አላቸው።

የመኪናው የጎን መስታወት ውስጥ አየኋቸው። እጃቸው ገመዱ ላይ ነበር። ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም በመስታወቱ አየኋቸው። «ይፈትሹ እንጂ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ፈገግ አልኩ። እጃቸውን ከገመዱ አነሱ፣ መጥተው አጣናውን ወደ ላይ አደረጉልኝ፣ መንገድህን ይባርከው ብለው ሸኙኝ።

ሞላሌ ስንደርስ ወደ ስድስት ሰዓት ነበር፤ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ክብደቱ ነው። ክሪኩን ለማውጣት ወደ ኋላ ስሄድ ደምሰው ዘሎ ወርዶ እኔ አወጣዋለሁ አለ። በሕይወቱ ክሪክ ነክቶ አያውቅም። ያኔ ነው ጣቴን ወደ ቁስሉ የሰደድኩት፤ ገመዱን ፈታሁት። ከላይ አንድ ድንኳንና አንድ ፍራሽ ነበር። ከሥሩ፣ እስከ ወለሉ ድረስ፣ እርስ በርስ ተጠቅጥቆ የታሰረ የጓሳ ሣር። አረንጓዴው ገና አልለቀቀም።

መንገዱ ዳር ቆመን የተባባልነውን ሁሉ አልጽፍም። ነገሩ ይህ ነው፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሎጅ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ጎጆዎቹን በእውነተኛ የጓሳ ሣር ሊከድን ይፈልጋል፤ እንግዳ ተፈጥሮን በሚወድበት ዘመን ቆርቆሮ አያዋጣም። ጓሳው ደግሞ ዝግ ነው። ደምሰው ሰዎች አሰማርቶ ከሰፈርንበት ጉብታ ጀርባ ባለው ሸለቆ አስቀድሞ አሳጭዶ ደብቆታል፤ እኔ ከአያ ላቀው ጋር ስዞር አስጭኖታል። የጎደለው የማይፈተሽ መኪና ብቻ ነበር። አያ ላቀው የአባቴ ባልንጀራ እንደነበሩ ያውቅ ነበር። ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ አባቴ ራሱ ያወራውን ይዞ ነው።

«በአባቴ ስም ነው የሰረቅከው» አልኩት።

«ሣር ነው፤ ሣር» አለ እየሳቀ። «የታጠረ መሬት ሁሉ ከድሃ የተነጠቀ ነው ያልከው አንተ አይደለህም? እኔ ጋዜጣውን ቆርጬ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ሲደርስብህ አዲስ ሃይማኖት አወጣህ?»

ከስድብ ሁሉ የሚያመው የራስን ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነው። እመለሳለሁ አልኩት። ያኔ መሳቅ ተወና በጣም በረጋ ድምፅ መከረኝ። ብትመለስ እኔ ምንም አልሆንም አለ፤ አጣናውን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ የምትገድለው ሽማግሌውን ነው። ዝም ካልክ ግን ማንም አይጎዳም። እኔ ጎማውን ቀይሬ ስጨርስ እሱ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሞ ገባ። ትንሿን ቦርሳውን ይዞ፣ በሩን ሲዘጋ፣ ስትጨርስ ደውልልኝ አለኝ። ገበያ የላከኝ ይመስል።

ተመለስኩ። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ኬላው ድረስ ስለ ራሴ ትልቅ ትልቅ ነገር እያሰብኩ ነው የነዳሁት። ሃያ ዓመት ስለ እውነት ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ጭኜው እየሄድኩ ነው።

ከሰዓት ዘጠኝ አልፎ ደረስኩ። አጣናው ተነስቷል፤ የሚጠብቀው የለም። ከኬላው ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ መሐል ላይ መስቀል የያዙ ቄስና አንድ ሰብሳቢ ሽማግሌ ቆመዋል። አንድ ጎልማሳ ወደ መኪናው ሮጦ መጣና በመስኮት አጎንብሶ እንኳን መጣህ አለኝ። እየተጣደፈ ነገረኝ። ጠዋት በጎች ወደ ሸለቆው ገብተው ሊመልስ የሄደ ሰው የታጨደውን ቦታ አይቷል። ዛሬ ያለፈው የእኛ መኪና ብቻ ነው። አውጫጭኝ ተቀመጠ። አያ ላቀው አሁን፣ እኔ ከመድረሴ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ መስቀሉን መትተው መኪናውን በዘንጌ ፈትሼ ነው ያሳለፍኩት ብለው ማሉ። ግማሹ ሰው አምኗል፣ ግማሹ አላመነም።

«አንተ ትመሰክርላቸዋለህ» አለኝ፤ ደስ ብሎት።

አያ ላቀውን አየኋቸው። ከክቡ መሐል ራሳቸውን ገልጠው ቆመዋል። መኪናዬን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ለጉባኤው «ይኸው፤ እሱኑ ጠይቁት» አሉ።

መኪናውን እስከ ሰዉ ዳር አስጠግቼ አቆምኩ። ከበሩ እስከ ክቡ መሐል አርባ እርምጃ ይሆናል። በዚያ አርባ እርምጃ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የታየኝ፦ መዋሸት ወይም መናገር። ሣሩን ከኬላው ካለፍን በኋላ ነው የጫንነው ማለት እችል ነበር፤ አያ ላቀው ይድኑ ነበር። ሰብሳቢው ሽማግሌ ጥያቄውን ግልጽ አድርገው አቀረቡልኝ። አያ ላቀው መኪናህን በዘንጋቸው ፈትሸዋል ወይስ አልፈተሹም?

«አልፈተሹም» አልኩ።

ከዚያ ተመልሼ ሸራውን ገለጥኩት፤ ደምሰው ያደረገውንም ተናገርኩ።

አያ ላቀው ቀስ ብለው መጥተው ሣሩን አዩ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ወደ መሐል ተመለሱና ዘንጋቸውን ሰብሳቢው እግር ሥር አስቀመጡ። «አልፈተሽኩም። በሐሰት ምያለሁ» አሉ።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ሣሩን ለማንም አልሰጡትም፤ እዚያው አቃጠሉት። ደምሰው ከመብቱ ተሰረዘ፤ ሰው በሌለበት የሚሰረዝ ነገር ምን ያህል እንደሚያም አላውቅም። አያ ላቀው ከኬላው ተነሱ፤ ጓሳው ሲከፈትም ከውጭ እንዲቀመጡ ተፈረደባቸው። እኔን ደግሞ አመሰገኑኝ። ሰብሳቢው ተነስተው የወልደ ጻድቅ ልጅ የአባቱን ስም አስጠበቀ አሉ። አንዳንዶቹ እጄን ጨበጡኝ። የሰው እጅ እንደዚያ ቀዝቅዞኝ አያውቅም።

ሰው ሲበተን አያ ላቀውን ተከትዬ ሄድኩ። ለምን ፈትሻለሁ አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። እየሄዱ ነው የመለሱልኝ።

«ፈትሼሃለሁ እኮ። በዘንግ ባልፈትሽህ በአባትህ ፈትሼሃለሁ። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥ ነበር።»

አንባቢዬ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስለ ክህደት ሳስብ የከረምኩት ስለ ደምሰው ብቻ ነበር። እጁን አስታውሳለሁ፤ የአባቴን አስከሬን ለመረከብ የፈረመችውን፣ ኬላው ላይ ትከሻዬን መታ መታ ያደረገችውን። አንድ እጅ ናት። የመጀመሪያው እውነት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ አድር ነበር። የሚያስቸግረው መልሱ «አዎ» መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። ሎጁ በሌላ ሣር ተከድኖ ሊመረቅ እንደሆነ ነግሮ ጋበዘኝ። ይቅርታ አልጠየቀም። አንተ ባትመለስ ኖሮ ዛሬ አያ ላቀው ኬላቸው ላይ ነበሩ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ይቅርታ ልጠይቅ አያ ላቀው ቤት የሄድኩት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የማረሻ እርፍ ይጠርቡ ነበር። በክብር ተቀበሉኝ፤ ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልኝ። የመጣሁበትን ስናገር አላስጨረሱኝም። ይቅር ብያለሁ፣ ለደምሰውም ይቅር ብያለሁ አሉ። ከዚያ መጥረቢያውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ።

«ሌባው ገብቶኛል። ሌባ ቢሰርቅ ምን ይገርማል? ስመረምር የከረምኩት አንተን ነው። መኪናህን ከጥጉ አቁመህ፣ አያ ላቀው አንዴ ይምጡልኝ ብትል ምን ነበረበት? ለእኔ ቀድመህ ብትነግረኝ፣ እኔው ተመልሼ በሐሰት ምያለሁ እል ነበር። እዚያው በዚያው ነበርን፤ ቄሱም መስቀሉም አሉ። ራሱ ተናግሮ የወደቀና ሰው ገልጦበት የወደቀ አንድ አይደለም። ያቺን ለምን ወሰድክብኝ?»

ሁለት መንገድ ብቻ ታየኝ ብያችሁ ነበር። ሦስተኛው መንገድ አርባ እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ለምን አልታየኝም? ክብ ሠርቶ የተቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነትን የተናገርኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ደምሰው የአባቴን ስም ለሣር ተጠቀመበት። እኔ የአያ ላቀውን ውድቀት ለምን እንደተጠቀምኩበት እናንተ ታውቃላችሁ፤ እስካሁን እያነበባችሁት ነው።

መጣጥፍ መጻፍ ለዚህ ንስሐ ይሆናል ብዬ አልዋሽም። መጻፉን አልተውኩም፤ ሌላ የምችለው ሥራ የለም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው። ስለ ማንም ሰው ስጽፍ፣ ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ ጽሑፉን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ብዙ ጥሩ ጽሑፍ ተበላሽቶብኛል። አንዳንዱ ጭራሽ ሳይወጣ ቀርቷል።

ይህንንም ወደ ማተሚያ ከመስጠቴ በፊት ይዤው መንዝ ሄድኩ። አያ ላቀው ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ጀርባቸውን እየመታቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጅብራው ጋ ሳቁ። አውጫጭኙ ጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስሜን አትቀይረው አሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና ይቺን አውጣት አሉኝ። እውነት ናት አልኳቸው። እውነት መሆኗን አውቃለሁ አሉ።

አውጥቻታለሁ። ከጽሑፉ ሁሉ ምርጧ ዓረፍተ ነገር እሷ ነበረች።